የፈቲያ እንቅልፍ ሲለካ

ባለፈው ሰኞ የጓደኛዬን የፈቲያን የእህት ልጅ፣ ኢክራምን፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ወሰድኳት። ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናው ላይ እንቅልፍ እየጣላት ተቸግራለች። ራሷ ላይ ሽቦ ለጣጥፈው፣ በጠራራ ቀን ጨለማ ክፍል አስገብተው «ተኚ» አሏት። ቀሰቀሷት፤ ትንሽ ቆይተው እንደገና «ተኚ»። ምን ያህል ቶሎ እንደሚወስዳት መለካታቸው ነው። ውጭ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አክስቷ ፈቲያ በሐሳቤ መጣችብኝ።

በደርግ ጊዜ ከፈቲያ ጋር ድሬዳዋ አንድ ክር ፋብሪካ ጎን ለጎን እንሠራ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ያልመጣልኝ፣ ቁጭ ማለት የማልወድ፣ አፌ የማያርፍ። እሷ ዝምተኛ፤ እናቷንና ታናናሾቿን በደሞዟ የምታኖር። ድሬ በቀትር ሰዉ ሁሉ ይተኛል፤ ሙቀቱ ነው። ፈቲያ ግን በማለዳም ትተኛለች፤ ማሽን ላይ ቆማ፣ ሳምቡሳ እየበላች፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር አብረን እየሄድን። ቀልድ ሳወራላት ደግሞ ጉልበቷ ይከዳታል። «አቦ አታስቂኝ፣ እወድቃለሁ» ትለኝ ነበር። ማጋነን ይመስለኝ ነበር።

ጉድ ያፈላባት ሠራተኛው ሁሉ ፖለቲካ እንዲማር የሚሰበሰብበት የውይይት ክበብ ነው። እዚያ የማያንቀላፋ አልነበረም፤ ዓይናችንን ገልጠን መተኛት ተምረናል። እሷ አንኮራፋች። የፈረቃ ኃላፊው ያን ሰሞን የተበጠሰውን ክር ሁሉ በእሷ አሳበበና «ይህ እንቅልፍ አይደለም፣ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ እናውቃለን።

የፋብሪካው ሐኪም፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ እንቅልፏን ሳልለካ ክሱ ላይ አልፈርምም አሉ። ሌሊቱን ክሊኒክ አሳደሯት፤ እኔም አብሬያት አደርኩ። ጠግባ ተኛች። ረፋድ ላይ መጋረጃውን ዘግተው ሁለታችንንም አስተኙን፤ እኔ ለማነጻጸሪያ ነኝ። ከአልጋው ውጭ በተዘረጋው እጃችን ማንኪያ ያዝን፤ ከሥሩ ትሪ አለ። እንቅልፍ ሲወስድ ጣት ይላላል፣ ማንኪያው ይወድቃል፣ እሳቸው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«በሽተኛ ካሉኝ ያባርሩኛል፣ ሙሉ። ወላሂ አልተኛም» አለችኝ በሹክሹክታ።

ነቅተሽ ከቆየሽ እኮ አሻጥረኛ ነሽ ይሉሻል አልኳት።

«ይበሉኝ። ነቅቼ ካዩኝ ነገም ያሠሩኛል።»

እኔ ጣራ እያየሁ እግሬን ሳወዛውዝ የእሷ ማንኪያ ጮኸ። ቀሰቀሷት፤ ቆይተው ደገሙ፤ ጮኸ። በሦስተኛው ሐኪሙ ጎንበስ ብለው ከንፈሯን ገለጥ አደረጉ። ጥርሶቿ መሃል ቃሪያ አለ፣ ያውም የሚያንገበግበው፣ ተነክሶ ፍሬው ፈስሷል። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ተኝታለች።

ኃላፊውን አስጠርተው አሳዩት። «እየተቃጠለ የሚተኛ ሰው ወዶ ነው?» አሉት።

አልታሰረችም። ግን ማሽን ላይ መቆም አትችልም ተብላ በዚያው ሳምንት ተሰናበተች። ገጠር፣ ጀልዴሳ አጎቷ ዘንድ ሄደች። ፍየል ጠብቂ አሏት፤ ፍየሎቹ ሲጠፉ እቤት አስቀሯት። መጨረሻ ሳያት «አንዴ እንኳ ብነቃ ኖሮ» አለችኝ። በእሷ እጅ የነበረ ነገር ይመስል፣ ያንን ቃል እየደጋገመች። በጎልማሳነቷ ሞተች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጥታ፣ የኢክራም በሽታ ስም እንዳለው፣ ጠዋት ጠዋት በሚዋጥ መድኃኒት ሥራዋን ይዛ መኖር እንደምትችል ነገረችን። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ንድድ አልኩ፣ በማን እንደሆነ እንጃ።

«እትዬ ሙሉ፣ አክስቴም እንዲህ ነበረች?» አለች ኢክራም። «እቤት ሰነፍ ነበረች ነው የሚሉት።»

ያ ሁሉ ልኬት ዘመዶቿ ጆሮ ሳይደርስ ቀርቷል። ካለሁበት ተነሣሁና፣ ኮሪደሩ ሙሉ ሰው እየሰማኝ፣ ሰነፍ አልነበረችም አልኳት።