ቬርና ዕዳዋን ያዛወረችበት ካርድ

ጎረቤቴ ቬርና ሃቨርካምፕ እዚህ ዱቡክ ከተማ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ሳቂታ ናት፤ ፊቷ የሚጠቁረው ስለ ክሬዲት ካርዷ ሲነሳ ብቻ ነበር። ውሻዋ ካልሲ ውጦ በቀዶ ጥገና ሲወጣለት አራት ሺህ ዶላር በካርዱ ከፍላ ነበር። ወለዱ ሃያ ስምንት በመቶ ስለሆነ በየወሩ ብትከፍልም ዕዳው ፈቅ አልል ብሏት ከረመ።

አንድ እሑድ ወንድሟ መርል ለምሳ ሲመጣ የባንክ ማስታወቂያ ይዞላት መጣ። ዕዳዋን ወደ አዲሱ ካርድ ብታዛውር ዓመት ሙሉ ወለድ አይታሰብባትም። መርል ጥብሱን እየቆረጠ ዛሬውኑ ፈርሚ አላት። እሷ ግን መጀመሪያ ልጠይቅ አለች።

ሰኞ ጠዋት ልጆቹን አድርሳ፣ እዚያው አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ ባንኩ ጋ ደወለች። ለማዛወሪያ ብቻ ሁለት መቶ ዶላር ይቆረጣል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወለዱ ሃያ ዘጠኝ ይገባል፤ አንድ ክፍያ ካዘገየች ደግሞ ዜሮ ወለዱ ያኔውኑ ይቀራል። ከዚያ ወደ ሾፌሮቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጎራ አለች። የእነሱ ካርድ ወለዱ ዘጠኝ ነው፤ ማዛወሪያ አይጠይቅም፤ ዓመት አለፈ ብሎም አይጨምርም። እዚያው ፈረመች።

አመሻሹ ላይ መርል ደውሎ ይህን ሲሰማ ሳቀባት።

«ዜሮ እያለልሽ ዘጠኝ ትመርጫለሽ? ሒሳብ ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ዜሮው ለዓመት ነው፤ እኔ ደግሞ በዓመት አልጨርሰውም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደሞዜም አብሮ እንደሚዘጋ ረሳኸው እንዴ?»

«ጥርስሽን ነክሰሽ ትከፍያለሻ።»

«እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ጥርሴን ነክሼ የጨረስኩት ነገር የለም፤ ቀስ ብዬ ነው።»

ይኼኔ መርል እያመነታ ተናዘዘ። ለካ እሱም ጀልባ የገዛበትን ዕዳ ወደዚያው ካርድ አዛውሮ፣ አንድ ክፍያ ረስቶ፣ ከሚስቱ ተደብቆ ሃያ ዘጠኙን ሲገፋ ኖሯል።

«ታዲያ እኔን ለምን ትጎትተኛለህ?»

«ብቻዬን መሞኘት ሰልችቶኝ።»

ቬርና እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ማኅበሩ የሾፌር ቤተሰብም ስለሚቀበል በማግስቱ እጁን ይዛ ወሰደችው።

እሷ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዕዳዋን ጨረሰች። መርል ገና ጥቂት ይቀረዋል፤ ቢሆንም ወንዝ ዳር ዓሣ ለሚያጠምዱ ጓደኞቹ ሁሉ «ዓመቱ ካለቀ በኋላ ወለዱ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ» እያለ እንደ ራሱ ግኝት ይመክራል። ቬርናም አጠገቡ ተቀምጣ ዓሣዋን እየበላች፣ ልክ ነው ትላለች።