የአቶ ታደሰ ፍሪጅ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ «የውሃ ፓምፕሽ ድምፅ እረፍት ነስቶናል፤ መፍትሔ ፈልጊለት» የሚል መልእክት በስልኬ ላከልኝ፤ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ነው፣ ቁጥሬንም ከየት እንዳገኘ እንጃ። መናደድ ሲገባኝ በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ፤ እኔ ዲላ ላይ ያደግሁት እኮ ከፍሪጅ ጩኸት ጋር ነው፣ ያውም ከሰው ፍሪጅ።

አቶ ታደሰ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ቤታቸውና ቤታችን በአንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሚገናኙ እነሱ ሲያስነጥሳቸው እኛ «ይማርህ» እንል ነበር። አንድ ክረምት አሮጌ ፍሪጅ አስመጥተው እዚያው ግድግዳ ላይ አስደገፉት። ወይ ፍሪጅ! ሲነሳ ያጓራል፣ ሊቆም ሲል ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ መደርደሪያችን ላይ ያሉት ብርጭቆዎች አብረውት ይጨፍራሉ፤ የእናቴ የጸሎት ጓደኞች «አሜን» ለማለት እንኳ እሱ ጋብ እስኪል ይጠብቁ ነበር። አባቴ አስተማሪም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም የሆነ ቁጡ ሰው ነበር። ጩኸቱንስ ይችለው ነበር፤ ያልቻለው ጥርጣሬውን ነው። ነጋዴ ፍሪጅ የሚገዛው ለምንድን ነው? ቢራ ሊቸረችር ነዋ፣ ያውም በእኛ ጓዳ ጥግ!

አንድ እሑድ ከቸርች መልስ አባቴ ጋሽ ጅግሶ የሚባሉ አዛውንት ገበሬንና ሌላ አንድ ሽማግሌ አስከትሎ አቶ ታደሰ ቤት ሄደ። እኔና የአቶ ታደሰ ልጅ ብርቱካን፣ በዚያ ዓመት ክስት ብላ የትምህርት ቤቱን ቧንቧ ጠጥታ ልትጨርሰው ነው እያልን የምንቀልድባት የወንበር ጓደኛዬ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። የአቶ ታደሰ ሚስት ምሳ አቀረቡ፤ ሽማግሌዎቹ ግን እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀምስም» አሉ።

«ቢራ ከሆነ ንገረን፣ ታደሰ» አሉ ጋሽ ጅግሶ። «ለመፍረድ አልመጣንም፤ እንድንስማማ ነው።»

«የቤቴ ጉዳይ ነው» አሉ አቶ ታደሰ። ወጡ ቀዘቀዘ። ሽማግሌ ቤታቸው ገብቶ ሳይቀምስ ሊወጣ መሆኑ ግን አላስቀመጣቸውም፤ ተነሥተው ፍሪጁን ከፈቱት። አንድ ጆግ ውሃና በመሐረብ የተጠቀለሉ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች፤ ሌላ ምንም አልነበረም።

«የብርቱካን መድኃኒት ነው፤ ስኳር አለባት። በሽተኛ እየተባለች እንዳታድግ ብዬ ነው የደበቅሁት። ይሄ ከሞቀ ልጄን አጣለሁ።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለና ከሁሉም ቀድሞ ቆረሰ።

ከዚያ በኋላ የሚያስደነግጠን የፍሪጁ ጩኸት ሳይሆን ዝምታው ሆነ። አባቴ ምሳ እየበላ ድምፁ ቆም ሲል ጉርሻውን አየር ላይ ያቆመዋል፤ ከወትሮው ከዘገየ ግድግዳውን በቡጢ እየደበደበ «መብራት ነው?» ይላል። «መብራት ነው!» ይላሉ ከወዲያ። እናቴ እርጥብ አሸዋ የሞላችውን ማሰሮ በእንሰት ቅጠል ሸፍና ትሰጠዋለች፤ ያ የተከበረ አስተማሪ ታቅፎት በነጠላ ጫማ ይሮጣል። ብልቃጦቹ እንዳይሞቁ መብራት እስኪመጣ እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ። ሰፈሩም ነገሩን ቀስ በቀስ አወቀ፤ ግን ብርቱካንን በሽተኛ ያላት ሰው አልሰማሁም።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ እነ አቶ ታደሰ ወደ ሐዋሳ ተዛወሩ። ፍሪጁን መኪና ላይ ከጫኑት አራት ሰዎች አንዱ አባቴ ነበር። ወገቡን ይዞ ተመለሰና ምሳ ቀረበ፤ ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ተነሥቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሄደዋል እኮ» አለችው እናቴ።

«አውቃለሁ» አለ፤ እጁን ግን አላነሳም።

ያን ጊዜ ስቄበታለሁ። ብርቱካን ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ አባቴ አርፏል። እኔም ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤት ቀይሬአለሁ፣ ዝም ስል ጉርሻውን አቁሞ የሚያዳምጠኝ ጎረቤት ግን አላገኘሁም።