አተላ የቀመሰ ከብት

ሰፈሩ ሁሉ «ፉርሽካ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ገና በልጅነቷ፣ አባቷ ከሚሠራበት ወፍጮ ቤት ስትመለስ ፀጉሯም ቅንድቧም በፉርሽካ ብናኝ ነጥቶ ስለሚታይ ነበር። አግብታ፣ ፀጉሯ በራሱ ጊዜ መንጣት ሲጀምርም ስሙ አለቀቃትም። እሷም አልጠላችውም። የጠላችው ሌላ ስም ነው፤ «አተላ ሻጯ» የሚለውን። እሱን ያወጣላት ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ ዋርሳዋ ነው፣ የባሏ ታላቅ ወንድም።

ዋርሳዋ ልኳንዳ ቤት አለው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ በመድኃኒት ቤቱና በጫማ መደብሩ መሃል ያለው ቤት ነው። ከበሩ በላይ በቀይ ቀለም በትልልቁ ያስጻፈው ከሩቅ ይነበባል፤ «አተላ የቀመሰ ከብት እዚህ አይገባም»። ፉርሽካ በዚያ በኩል ማለፍ ካቆመች ቆይታለች። ገበያ ስትወጣ ዞራ በኋላው መንገድ ትሄዳለች፤ ጭቃ ቢሆንም ባይሆንም።

ነገሩ የጀመረው እሷና ባሏ በሬ ማድለብ የያዙ ጊዜ ነው። ከከተማው ጫፍ፣ ከቢራ ፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ በረት ሠሩ። ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት። ፋብሪካው ቢራ ጠምቆ ሲጨርስ የሚጥለው የገብስ አተላ ትኩሱን፣ እንፋሎቱ እየተነነ፣ በጋሪ ይደርስላቸዋል። ውኃውን በጆንያ ታጠልላለች፣ አተላውን ከፉርሽካና ከዘይት መጭመቂያ ከሚወጣው ፋጉሎ ጋር ትለውሰዋለች፣ ጨው ነስነስ ታደርግበታለች። ካደረ ይሻግታል፤ ከበዛ የከብቱን ሆድ ያላላል። ልኩን የሚነግራት እጇ ነው። አንድ እፍኝ ጨበጥ አድርጋ ስትጨምቀው ውኃ ጠብ ካላለ ለገንዳው ደርሷል ማለት ነው። በሬዎቹ ጎናቸው ሞላ፣ ፀጉራቸው ቅባት እንደነካው አበራ። ባሏ ቃል የማይወጣው ዝምተኛ ነው፤ ያን ሰሞን ግን በረቱ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር።

ለማን እንሽጥ ሲባል «ወንድሜ እያለ ለማን?» አለ ባል። ወንድሙም ገዛ። ሥጋው ጠዋት ተሰቀለ፤ ከሰዓት በኋላ ቅላቱ ጠፍቶ ጠየም አለ። ጮማውም እንደሌላው ጮማ የጠነከረ አልነበረም፤ ጣት ሲነካው ይሰምጣል። ሥጋ ሻጩ ወንድሙን ለብቻው ጠርቶ «ይሄ ነገር ምንድን ነው?» ማለት ይችል ነበር። እሱ ግን ደንበኛ በሞላበት ሙዳውን ብድግ አድርጎ አሳየ።

«የወንድሜን ሚስት ጉድ እዩልኝ» አለ። «አተላ ጠጥቶ የሰከረ በሬ ሸጠችልኝ። በሽተኛ ነው፤ በቁሙ የበሰበሰ።»

ሰው ሳቀ። ሳቁም እዚያው አልቀረም፤ ከብት ተራ ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ የፉርሽካን በሬዎች ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ፤ አንዳንዱ ነጋዴ እንዲያውም አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። የቀሩት በሬዎች እንደ ወደቀ ዕቃ ተሸጡ። ባል ማፏጨቱን ተወ። ይባስ ብሎ ሥጋ ሻጩ «የእናቴ ልጅ ሜዳ ላይ ሲወድቅ ቆሜ አላይም» አለና ልኳንዳ ቤቱ ቀጠረው። አሁን ነጭ ሽርጥ አስሮ፣ በዚያ ጽሑፍ ሥር ጎንበስ ብሎ እየገባ፣ ወለል ያጥባል፣ ቢላ ይስላል።

ፉርሽካ አላለቀሰችም። ቂም ያዘች። አመድ እንዳለበሱት ረመጥ ያለ ቂም ነው፤ ላዩ ሲያዩት የጠፋ ይመስላል።

በመጀመሪያ የጠላቷን ቃል መረመረች። በርካሽ ከተሸጡት በሬዎች የመጨረሻው ሲታረድ ከሥጋው ጥቂት ወሰደች፤ ሜዳ ላይ ሣር ከጋጠ በሬ ሥጋም ገዛች። ሁለቱን በሁለት ሳህን አድርጋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችና ሥራዋን እየሠራች መለስ እያለች አየቻቸው። የእሷው ቀድሞ ጠቆረ። አሸተተችው፤ ምንም ሽታ የለውም። ጠብሳ በላችው፤ አፍ ውስጥ የሚሟሟ፣ ጥርስ የማያስቸግር ሥጋ ነው። እንግዲህ ሰውዬው ስለ መልኩ እውነቱን ነው፤ በሽተኛና ብስባሽ ያለው ግን ቅጥፈት ነው። ያንገበገባት ይኸው ነው። ሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ንቃ ትተወው ነበር።

እናም እንደገና ጀመረች። ሁለት በሬ ገዛች፤ በአተላ አደለበቻቸው፤ ሰውነታቸው ከሞላ በኋላ ግን አተላውን ቀስ በቀስ ቀነሰች፣ ከዚያም ጨርሳ አቋርጣ ለሳምንታት ድርቆሽና እርጥብ ሣር ብቻ ሰጠቻቸው። አንዱን አሳርዳ ሥጋውን መስኮት ሥር ብታውለው ቅላቱን ይዞ ዋለ። ጮማው ጠንከር አለ። ልስላሴው ግን አልሄደም።

ያን ጊዜ ደላላውን አስጠራች። ወሬው ስለማያቋርጥ «ራዲዮ» ይሉታል።

«እትዬ፣ የእርስዎን በሬ ይዤ ከብት ተራ ብገባ እኔንም አብረው ነው የሚያባርሩኝ» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«የእኔ ነው ማን በል አለህ? ከሩቅ አገር፣ ከሣር ሜዳ የመጣ ነው ትላለህ።»

«ለማን ልሽጠው?»

«ለዋርሳዬ።»

ራዲዮ የቀረውን በሬ አየ፣ እሷን አየ። «ሰውዬው እኮ የበሬ አፍ ያሸታል። አፉን አሽትቼ የበላውን እነግራችኋለሁ ብሎ ነው ከተማውን ያሳመነው።»

«ያሽታ። አፉን እንጂ ጮማውን በቁሙ አያሸተውም።»

ሥጋ ሻጩ የበሬውን ከንፈር ገልጦ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አሸተተ። «ንጹሕ ድርቆሽ» አለ። ገዛ። ሥጋውን የቀመሰ ደንበኛ ተመልሶ መጣ፣ ጎረቤቱንም ይዞ መጣ። ራዲዮ ሌላ አመጣ፤ ከዚያም ሌላ። የልኳንዳ ቤቱ ስም በየቤቱ ተነሣ። ባል ማታ እራት ላይ የዋለበትን ያወራላታል።

«ዛሬም ሰልፍ ነበር። ወንድሜ አንዱን ደንበኛ ምን ይለዋል፣ ‹የአተላ በሬ ከፈለግክ የወንድሜ ሚስት ዘንድ ሂድ።› ሰውም ይስቃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቢላ እየሳልኩ ነበር።»

ፉርሽካ ምግቡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ባሏ የሚያጥበው ደም ከራሳቸው በረት የወጣ መሆኑን አልነገረችውም፤ በሬዎቹ ለሌላ ከተማ የሚሸጡ ይመስለዋል። ፊቱ ምንም መደበቅ አይችልም፤ ቢያውቅ በማግስቱ ወንድሙ ከፊቱ ያነበው ነበር።

አንድ ማታ ይዞት የመጣው ወሬ ግን እጇን ከማዕዱ አስነሣት። ሥጋ ሻጩ የጫማ መደብሩን ግማሽ ጨምሮ ቤቱን አስፍቷል፤ መስታወት የተገጠመለትና ውስጡ መብራት የሚበራ ረጅም ማሳያ አስመጥቷል። የከተማው ትልቅ ሆቴል ባለቤት የሆቴሉን ሥጋ ሁሉ ከእሱ ሊወስድ አስቧል፤ በምርቃቱ ቀን ራሱ መጥቶ ያያል። «እንግዶቹ ከሰዓት ነው የሚመጡት» አለ ባል። «እስከዚያ አንድም ሙዳ እንዳይነካ ብሏል። ሞልቶ ተደርድሮ፣ በመብራቱ ሥር እንዲያዩት ነው የፈለገው።»

«ከጠዋት ጀምሮ በመብራት ሥር?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ፉርሽካ ሳህኖቹን አነሣች። የዋርሳዋ ሥጋ ሰልፉ ከጀመረ ወዲህ ቀትር ሳይደርስ እያለቀ ነው የኖረው፤ ውሎ አያውቅም። ሥጋ ሳይሸጥ ሲውል ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ አይቶ፣ አይቶም ስም ሰጥቶት ረስቶታል። እሷ አልረሳችም።

በረቱ ውስጥ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለበት ቀይ በሬ ነበር። አተላውን አላቋረጠችበትም። ጨመረችለት እንጂ። ምርቃቱ ደርሶ ሊሸጥ ሲቃረብ ብቻ ገንዳውን አጥባ፣ አፉን በውኃ አጥባ፣ ድርቆሽ አበላችው። ራዲዮ ሊወስደው ሲመጣ አንገቱን እያከከች ቆመች።

«ሰው እንዳይታመም እትዬ» አለ ራዲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ ራሴ የበላሁት ነው። የሚታመም አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሥጋውን ሳይቀምስ።»

ሥጋ ሻጩ የቦቃውን ከንፈር ገለጠ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ። «ንጹሕ ድርቆሽ።»

የምርቃቱ ዕለት ፉርሽካ የታጠበ ቀሚሷን ለብሳ በዋናው መንገድ መጣች። ከበሩ በላይ ያለውን አንድ ጊዜ ቀና ብላ አነበበችና ገባች። ቤቱ ሞልቷል። የሆቴሉ ባለቤት መስታወቱ ላይ አጎንብሷል። ሥጋ ሻጩ አዲስ ጫማ አድርጎ አጠገቡ ቆሟል፤ ፊቱ ግን የተመረቀ ሰው ፊት አይመስልም።

«ይሄ መቼ የታረደ ነው?» አለ የሆቴሉ ባለቤት።

«ትኩስ እኮ ነው ጌታዬ። መብራቱ ነው እንዲህ የሚያሳየው።»

«መብራቱ? እንደ አሮጌ ጫማ ጠቁሯል እኮ።»

«ከጎረቤት ተበድሮ ይሆናል» አለ አንዱ ከኋላ፣ ወደ ጫማ መደብሩ በአገጩ እያመለከተ። ሳቅ ተሰማ።

ሥጋ ሻጩ ዞር ዞር አለና ዓይኑ ወንድሙ ላይ አረፈ። «አንተ ነህ» አለው። «ቢላውን ሳታጥብ ነው የበለትከው። ድሮስ እጅህ መቼ ከአተላው ጉድጓድ ወጣ?»

ባል እጆቹን አየ። እስኪቀላ የታጠበ፣ ንጹሕ እጅ ነው። ገለበጣቸውና አየ፤ ከዚያም በሽርጡ ጠረጋቸው፣ ምንም የሚጠረግ ሳይኖር።

ፉርሽካ ሁሉን አስባ ይህን ብቻ አላሰበችም ነበር። አንድ ጥግ ቆማ፣ አይታ፣ ጠግባ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ወደ ፊት ወጣች።

«እሱን ይተዉት ጋሼ። በሬው የእኔ ነው።»

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ቀይ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። ቀኝ ቀንዱ ጫፉ ተሰብሯል። እስከ ሰሞኑ ድረስ አተላ ሳበላው ነበር።»

«ውሸት ነው። አፉን አሽትቻለሁ።»

«አፉማ ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል፤ ሊወጣ ሲል አብልቼዋለሁ። ያለፈውም የእኔ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውም፣ ሰልፍ የተሰለፉለትም፣ እርስዎ ቤት ልጆችዎ የበሉትም። ሁሉም አተላ ቀምሰው ያደጉ ናቸው። ለእነዚያ በጊዜ አቋርጬ ድርቆሽ ሰጠኋቸው፣ መልካቸውን ጠበቁ። ለዚህኛው አላቋረጥኩም።» ወደ ሆቴሉ ባለቤት ዞረች። «አልበሰበሰም ጌታዬ። ይጥበሱልዎትና ይቅመሱት።»

ሁሉም ሰው ራዲዮን ፈለገ። ራዲዮ በሩ አጠገብ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነው፤ ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ ዝምታውም ለምስክርነት በቃ።

ሥጋው ተጠበሰ። የሆቴሉ ባለቤት አኘከ፣ ዋጠ፣ ሌላ ጎረሰ። «ሥጋውስ ደህና ነው፤ እንዲያውም ለስላሳ ነው» አለ አፉን እየጠረገ። «አፍንጫዎን ግን ሐኪም ያሳዩት።» ሌላ ሳይናገር ወጣ። ያን ጊዜ የፈነዳው ሳቅ ከብት ተራ ድረስ ሄደ፤ ፉርሽካ መንገዱን ታውቀዋለች። ባል ሽርጡን ፈታ፣ በአራት አጠፈው፣ መስታወቱ ላይ አስቀመጠውና ሚስቱን ተከትሎ ወጣ።

ሥጋ ሻጩ ሳምንት ሳይሞላ ተቸገረ። ደንበኛው ሥጋ ሲገዛ አፍንጫውን እየነፋ፣ ዓይኑን እየጨፈነ «ንጹሕ ድርቆሽ» ይለው ጀመር። ሌላ ያመጣው ሥጋም የፉርሽካን አላከለም። ራዲዮን ላከ፤ «ራሳቸው ይምጡ» አለች። መጣ። አዲሱ ጫማ አተላው ውስጥ ሰመጠ። እሷ ገንዳ እየሞላች ነበር፤ ቀና ሳትል ሞልታ እስክትጨርስ ቆሞ ጠበቀ።

«በሬ እፈልጋለሁ» አለ።

«በርዎ ላይ ያለው ጽሑፍ እኮ አያስገባቸውም ጋሼ።»

«አስፍቀዋለሁ።»

«አያስፍቁት። ራስዎ ይፋቁት።»

ፋቀው። መሰላል አቁሞ፣ በራሱ ቢላ፣ ቀኑ ሳይመሽ፣ የመድኃኒት ቤቱም የጫማ መደብሩም ሰው ወጥቶ እያየ። ፉርሽካ ከመሰላሉ ሥር ቆማ ቀዩ ፍርፋሪ ፀጉሯ ላይ ሲረግፍ አላራገፈችውም። የመጨረሻዋ ፊደል ስትለቅ ሥጋ ሻጩ ላቡን ጠርጎ ወረደ።

«በሬዎቹስ መቼ ይመጣሉ?»

«የትኞቹ ጋሼ?» አለችው። «ከመንገዱ ማዶ ላለው ልኳንዳ ሰጥቻቸዋለሁ። እሱ አያሸትም።»

በዋናው መንገድ ተመለሰች። ባሏን በረቱ ደጅ ጋሪውን ሲያራግፍ አገኘችው፤ ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ይሄስ በዛ» አላት።

«በዝቷል» አለች። እጅጌዋን ሰብስባ በጆንያ ከተጠለለው አተላ አንድ እፍኝ ጨበጠችና ጨመቀች። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም።