ተካልኝ ናልቺክ ትቶት የመጣው ፈተና

ተካልኝ ፍራንክፈርት በሚገኝ የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ መጋዘን ውስጥ የፖም ካርቶን ሲያወርድና ሲደረድር አራተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። ጠዋት ከሚኖርበት የከተማው ዳርቻ ሰፈር፣ ከጻይልስሃይም፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይነሳል፤ ሥራ ሲገባ ካርቶኑን ሳይከፍት በጠረኑ ብቻ የፖሙን ዓይነት ይናገር ነበር። ጀርመኖቹ ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሳቁበት። በኋላ ግን ገዢ «ይሄ ፖም የከረመ ነው» ብሎ ሲጨቃጨቃቸው ተካልኝን መጥራት ለመዱ።

እውቀቱን ያገኘው ደቡብ ሩሲያ ውስጥ ካውካሰስ ተራሮች ግርጌ ካለችው ናልቺክ ከተማ ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልኮ አምስት ዓመት እዚያ ስለ ፍራፍሬ ዛፎች ሲማር ኖረ፤ በፈረንጆቹ 1990 ጸደይ በባቡር በርሊን ገባ፣ ከዚያም ፍራንክፈርት ቀረ። ዘርፈሽዋልን ያገኛት ቦከንሃይም ሰፈር በኪራይ አዳራሽ በሚሰበሰበው የኢትዮጵያውያን የጸሎት ጉባኤ ነው። ገና ሲተዋወቁ የተመረቀ የፍራፍሬ ባለሙያ መሆኑን፣ ዲፕሎማውም በፖስታ እንደሚላክለት ነግሯት ነበር። ተጋቡ፣ ቤቴል ተወለደች፣ ልጅቷ ሦስት ዓመት ሊሞላት ተቃረበ፤ ዲፕሎማው ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

በፈረንጆቹ 1994 የበጋ ወር፣ ታውኑስ ኮረብታ ሥር የዛፍ ችግኝ የሚያፈሉ ሄር ሎሬንትስ የሚባሉ ሰው መጋዘኑ መጥተው የተካልኝን ወሬ ሰሙ። ትንሽ አነጋገሩትና ወረቀቱን ካሟላ ከእሳቸው ዘንድ ሊቀጥሩት እንደሚፈልጉ ነገሩት። ተካልኝ ወዲያው የትምህርት ማስረጃ ከሚመረምረው ቢሮ ቴርሚን፣ የቢሮ ቀጠሮ፣ ያዘ። የተቀበለችው ሴት ትሁት ነበረች፤ የምትፈልገው ዲፕሎማውን፣ የተማራቸውን ትምህርቶች ዝርዝር ከነሰዓታቸው፣ ከዋናው ማኅተም ጋር ብቻ ነበር። ናልቺክ ወደተማረበት ተቋም ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። አንድም መልስ አልመጣም።

እሑድ ከጉባኤ ሲመለሱ ዘርፈሽዋል «ለምን ራስህ ሄደህ አታመጣውም?» አለችው።

ነገሩ ለእሷ ቀላል ነበር። ተካልኝ ግን ለማንም ያልነገረው ጉዳይ ነበረበት። የመጨረሻው ፈተና፣ የፍራፍሬ ዛፍ እንክብካቤ የሚባለው ትምህርት በተፈተነበት ቀን እሱ ሞስኮ የጀርመን ቪዛ ሲያሳድድ ነበር የዋለው። ያንን ሳይፈተን ምርቃት የሚባል ነገር የለም። አራት ዓመት ሙሉ «ተመርቄያለሁ» ሲል ከመኖሩ የተነሳ እሱም ራሱ ወደ ማመኑ ደርሶ ነበር።

ቢሆንም ሄደ። ጉባኤው ጸለየለት። ሩሲያ ስትባል በረዶ ብቻ የሚታየው ወንድም ሳህሌ ደግሞ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የራሱን ካፖርት ካልወሰድክ ብሎ ድርቅ አለ። ተካልኝ መስከረም ወር ላይ ያንን ካፖርት ተሸክሞ እስከ ሞስኮ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በባቡር ቀንና ሌሊት ተጉዞ አንድ ረፋድ ላይ ናልቺክ ደረሰ። ፀሐዩ ያቃጥላል። ባቡር ጣቢያው በር ላይ ወይንና ፖም የሚሸጡ ሴቶች ካፖርቱን አይተው ተሳሳቁ።

ከተማዋ እንደተዋት ነበረች። መንገዱን ግራና ቀኝ የያዙት ትልልቅ ዛፎች ከላይ ተገናኝተው ጥላ ሠርተዋል። በዛፎቹ መካከል ቀና ሲል ጫካ የለበሱት ኮረብታዎች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ በረዷማዎቹ ተራሮች ግማሽ ክብ ሠርተው ከተማዋን አቅፈዋታል። ተካልኝ ሻንጣውን አስቀምጦ ትንሽ ቆመ። እዚህ ቦታ ላይ በሃያ ሁለት ዓመቱ ጫማው የተቀደደ ጊዜ እንኳ ደስተኛ እንደነበር ትዝ አለው።

ተቋሙ ውስጥ መዝገብ ቤቱን የያዙት አሁንም ወይዘሮ ፋቲማት ናቸው፤ ጠጉራቸው ብቻ ነጥቷል። በስሙ ጠሩት፣ ሻይ ቀዱለት፣ ደብዳቤዎቹን መሳቢያቸው ውስጥ አሳዩት። ለምን እንዳልመለሱለት ሲጠይቃቸው ትልቁን መዝገብ ከፍተው ጣታቸውን ስሙ ላይ አሳረፉ። ከፊቱ የፈተና ውጤቶች ረድፍ አለ፤ መጨረሻው ሳጥን ባዶ ነው።

«ይህን በደብዳቤ እንዴት ብዬ እጽፍልሃለሁ? የሰው እጅ ውስጥ ቢገባስ?» አሉት።

ተካልኝ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን ወቀሳ ውስጥ አልገቡም። የዚያ ትምህርት መምህር ፕሮፌሰር ሐሰንቢ ጡረታ ወጥተው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የፖም ማሳቸው ውስጥ እንደሚውሉ ነገሩት። ከዚያም መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ቢሮውን ቆለፉ። መዝገቡ ከግቢ ወጥቶ እንደማያውቅ ወደ መንደሩ በሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነገሩት።

ፕሮፌሰሩ መሰላል ላይ ወጥተው ፖም ሲለቅሙ አገኟቸው። ወይዘሮ ፋቲማት ከታች ሆነው ጉዳዩን አስረዱ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ወረዱ፣ መነጽራቸውን ጠረጉና ተካልኝን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ሩብ ሰዓት የዘገየ ተማሪ ከክፍል አስወጥቻለሁ። አራት ዓመት የዘገየ ግን ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ፕሮፌሰር» አለ ተካልኝ። ሩሲያኛው አፉ ላይ ተኮላተፈበት።

ይቅርታውን ተቀበሉም አልተቀበሉም ሳይሉ ወደ ማሳው ጥግ መሩት። እዚያ አንድ ዛፍ አለ፤ ቅጠሉ ለምለም፣ ቁመቱ ከጓደኞቹ ሁሉ የረዘመ፣ ግን አንዲት ፍሬ የሌለበት። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ለምን እንደማያፈራ ንገረኝ አሉት። ፈተናው ይኸው ነበር።

ተካልኝ ዛፉን ዞረው። ቅጠሉን ገልብጦ አየ፣ ቅርንጫፉን አጎነበሰ፣ ምንም በሽታ የለበትም። ከዚያ ተንበርክኮ ግንዱ ሥር ያለውን አፈር በእጁ መማስ ጀመረ። አንድ ስንዝር ያህል እንደማሰ የሚፈልገውን አገኘ። ፍሬ የሚሰጠው ግንድ ከሌላ አጭር ዝርያ ሥር ጋር የተጋጠመበት ቋጠሮ ከመሬት በታች ተቀብሯል፤ ከቋጠሮው በላይ ያለው ግንድም የራሱን ሥር አውጥቷል። እድገቱን የሚገታለት የአጭሩ ዝርያ ሥር ሥራ ስለፈታ ዛፉ ጉልበቱን ሁሉ በቅጠልና በቁመት ጨርሶታል።

«በጥልቀት ተተክሏል። የተከለው ሰው ቋጠሮውን ከአፈር በላይ መተው ነበረበት፤ ቸኩሏል» አለ ተካልኝ ቀና ብሎ።

ወይዘሮ ፋቲማት ሳል ያዛቸው።

«የተከልኩት እኔ ነኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

ተካልኝ አፈሩን ከእጁ አራግፎ ተነሳ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን ተመለከቱና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የመሬቱ ነው እያሉ ማዳበሪያ ሲያፈሱ፣ ለሚስታቸውም ይህንኑ ሲነግሩ እንደኖሩ አመኑ። ከዚያም የለቀማ ሳጥን ገልብጠው መዝገቡን ላዩ ላይ ዘረጉ።

«አምስት ይገባሃል። ስለዘገየህ ግን አራት ጽፌልሃለሁ» አሉና ፈረሙ። ከአምስት አራት ማለት ነው።

ሚስታቸው ድንችና አይብ የተሞላ ትኩስ ቂጣ ከእርጎ መጠጥ ጋር አቀረቡ። ተካልኝ አልኮል እንደማይጠጣ ሲናገር ማንም አልከፋውም፤ በፖም ጭማቂ ለአገሩ፣ ለሚስቱ፣ ለልጁና ለዘገዩ ተማሪዎች ሁሉ ምርቃት ወረደለት። በማግስቱ ዲፕሎማው እስኪፈረም በከተማዋ መናፈሻ በገመድ ተንጠልጥሎ በሚሄደው ወንበር የመናፈሻውን ሐይቅ ተሻግሮ ኮረብታው ላይ ወጣ። ከእግሩ በታች የዛፍ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ቤቶቹ በአረንጓዴው መሀል እዚህም እዚያም ብቅ ይላሉ። ለብቻው ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከፊቱ ባለው ወንበር ያሉት አሮጊት ዞረው በእጃቸው ሰላም አሉት።

ከፖስታ ቤት ለዘርፈሽዋል ደወለና ሁሉንም ተናዘዘ። 

«አውቅ ነበር» አለችው። «ስለ ምርቃትህ ቀን ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ሦስት የተለያየ ታሪክ ነግረኸኛል። አንዴ ዝናብ ነበር ብለሃል፣ አንዴ ፀሐይ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ለምን ሄደህ አታመጣውም ያልኩህ ምን መስሎህ ነው?»

ቤቴል ስልኩን ነጥቃ በጀርመንኛ «ፓፓ፣ ቮ ቢስት ዱ?» እያለች የት እንዳለ ጠየቀችው። ፖም አገር ነኝ አላት።

ፍራንክፈርት ያለው ቢሮ ወረቀቱን በግማሽ ተቀበለው፤ አንድ ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና ይውሰድ አሉት። ወሰደ። በሁለተኛው ጸደይ ሄር ሎሬንትስ ዘንድ ገባ፣ ችግኝ የሚያጋጥመው ክፍል ኃላፊም ሆነ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ጻይልስሃይም አካባቢ ትንንሽ የጓሮ አትክልት ያላቸው ሽማግሌዎች ዛፋችንን እይልን እያሉ ይጠሩታል። አንዳንዶቹ ከየት እንደመጣ ይጠይቁታል። ከኢትዮጵያ ነኝ ሲላቸው ግራ ይጋባሉ፤ ጀርመንኛው፣ በተለይ ስለ ፖም ሲያወራ፣ የሩሲያ ቅላጼ አለው።