ደሙ እስኪረጋ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ እጄ የለመደው የአስቤዛ ዝርዝር ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ይሄንንም በወረቀት ይሻለኛል ብዬ ነው። የማንንም ስም አልጠራም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሩዋንዳ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አሠሪዬን እትዬ እላቸዋለሁ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከእኔና ከዘበኛው ሌላ የቀራቸው አንድ ትልቅ ቡናማ ውሻ ነው። ውሻው አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ተነስቶ ይጮኻል፤ አውሮፕላኑ ሲርቅ ያባረረው እሱ ስለሚመስለው ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። እኔ የጓዳውን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እውላለሁ። እትዬ ከእኔ በፊት ለነበሩት ሠራተኞች ቁልፉን ሰጥተው አያውቁም፤ ስለዚህ ስተኛም አላወልቀውም ነበር።

በፋሲካ ማግስት ውሻው ነጠላዬን ከገመድ ላይ ጎትቶ ቀደደው። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። ተናድጄ "ድፍት ያርግህ!" አልኩት። እትዬ በመስኮት፣ ዘበኛው ከበሩ ሰሙኝ።

በሳምንቱ ውሻው አውሮፕላን ሰምቶ ሊጮህ ብድግ ሲል ድፍት አለ። ከእኔ በቀር ያየ አልነበረም። ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። በማግስቱ ግን ተነስቶ በላ፤ ድዱም ቀላ። ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ያንን እርግማን ማን ይረሳልኛል?

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ ፊት ወደቀ። ሆዱ ተነፍቷል። እትዬ ከፍቼው የነበረው ጓዳ በቀጥታ ገብተው የአይጥ መርዙን ፓኮ ይዘው ወጡ። ግማሽ ሆኗል። በየጥጉ አድርጊ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ የት የት እንዳደረግኩ ግን ያየኝ የለም።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?" አሉኝ።

"እኔ ጋ ነው እትዬ።"

ስልክ አንስተው የእንስሳት ሐኪም ጠሩ።

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ "አንቺ ልጅ፣ ለካ ምላስሽ ጥቁር ነው! እኔን እንዳትረግሚኝ፣ አራት ልጆች አሉኝ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሥጋ ለውሻው ሲሰጥ ባየ ቁጥር ያጉረመርም ስለነበር እሱን ጠረጠርኩ። ራሴንም ጠረጠርኩ፤ መርዝ የነካ እጄን ሳልታጠብ ምግቡን ሰጥቼው ይሆን?

ሐኪሙ መጥቶ ድዱን አየ፤ ሆዱን በሁለት እጁ ዳበሰ። ከፊት እግሩ ደም ቀድቶ በቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አደረገና መዳፉ ውስጥ ጨበጠው።

"የአይጥ መርዝ ከሆነ ደሙ አይረጋም። እንጠብቅ" አለ።

የጨበጠ እጁን እያየን ቆምን። ሐኪሙ ደቂቃ ቆይቶ መዳፉን ይከፍትና ቱቦውን ያጋድላል፤ ደሙ ይፈሳል። እትዬ አንዴ ቱቦውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ሐኪሙም አላመነኝም ብዬ ዓይኑን ሸሸሁ። እንደገና አጋደለ። ደሙ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

"ረግቷል" አለ።

"ታዲያ ምን ነካው?" አሉ እትዬ። ደስ ያላቸው አልመሰለኝም።

"ጣፊያው አካባቢ እብጠት ይሰማኛል። ዕጢ ሊሆን ይችላል።"

"ደሙ ይሄን አይናገርም?"

"ደም እንዳነሰው ይናገራል። ዕጢ መኖሩን በደም የምናውቅበት ምርመራ ግን እኛ ጋ የለም። ሆዱን ከፍቶ ማየት ነው።" ወደ እኔ ዞረ። "የምትመግቢው አንቺ ነሽ አይደል? ከዚህ በፊት እንዲህ ወድቆ ያውቃል?"

ደሙ ነፃ አውጥቶኛል፤ የለም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ውሻው ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ጮክ በይ፣ አልሰማሁሽም።"

"ከሦስት ሳምንት በፊት። በማግስቱ ድኖ ነበር።"

"በቃ፣ እንዲህ ያለ ዕጢ እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አለ። "ይደማል፣ ይቆማል፣ የዳነ ይመስላል። ያኔ ብሰማ ጥሩ ነበር።"

እትዬ ቀና ብለው አላዩኝም። ሐኪሙ ውሻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መኪናው ላይ ጫነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ብዙ አዳመጡ፤ ዘጉትና ወደ እኔ ዞሩ። "ጣፊያው ላይ ብርቱካን የሚያህል ዕጢ ነበረ አለ። ፈንድቶ አገኘው። አልተረፈም።"

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ" አልኩ።

አውሮፕላን ከጣሪያችን በላይ አለፈ። የጮኸ የለም። እትዬ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"መርዝ እንዳልሰጠሽው አምኛለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ዝም ያልሽኝን ግን ምን ልበለው? በይ፣ የጓዳውን ቁልፍ አምጪ።"