ብቻዬን የከፈትኳት ምግብ ቤት

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የእህቴ ልጅ ሩት፣ "አክስቴ፣ ቢዝነሱን በስሜ ብቻ ላስመዝግብ ወይስ ፓርትነር ልፈልግ?" አለችኝ። የልብስ ሱቅ ልትከፍት ነው። መልስ ሳልሰጣት ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ ይህን አወራኋት።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ናይሮቢ፣ ሐበሻና ሶማሌ በሚበዛበት ኢስትሊ ሰፈር፣ አራት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት ነበረችኝ። ከዚያ በፊት በሰው ምግብ ቤት ስቀጠር ጨው እንኳ የምጨምረው አስፈቅጄ ነበር። የራሴን ስከፍት ግን ግድግዳውን ደማቅ ቢጫ ቀባሁት፤ ለምን ያለኝ የለም። አንድ ጠዋት ደስ ቢለኝ ፍርፍሩን ከእርጎ ጋር አቀረብኩ፤ ሰው ወደደው፤ በዚያው ቀጠለ። የራስ አለቃ መሆን እንዴት ደስ ይላል!

ጭንቁ የመጣው በጥቅምት ነው፤ የጃካራንዳው አበባ ረግፎ መንገዱን ሐምራዊ ባደረገበት ሰሞን። ከከተማው ማዶ ዌስትላንድስ ሰፈር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዶቹ ምሳ አዘዘኝ። ያን የሚያህል ትእዛዝ አግኝቼ አላውቅም። ጠዋት ወጡን ጥጄ ሳለሁ ጎረቤቴ ሐሊማ እየሮጠች ገባች። ሐሊማ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ ጨርቅ ትሸጣለች። ስልክ ያለው እሷ ሱቅ ነበር።

"ከአገር ቤት ተደውሎ ነው፤ እናትሽ ተሳፍራለች! አብሯት የሚጓዝ ሰው ስለተገኘ ዛሬ እየመጣች ነው!"

እማዬን የጠበቅኳት ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ካየኋት ዓመታት አልፈዋል። ብሄድ ትእዛዙ ሊቀር ነው፤ ብቀር እማዬ ቋንቋውን በማታውቀው አገር ብቻዋን ልትቆም ነው። ማማሰያውን እንደያዝኩ አንዴ ድስቱን፣ አንዴ በሩን አያለሁ።

"ብቻዬን እሠራለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ" አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ጠዋት ጠዋት እኔ ጋ የሚበሉ ጡረተኛ ሾፌር። ይህን እያሉ ግን ኮታቸውን ያወልቃሉ። "ማማሰያውን ወዲህ በይ።"

"ጋሽ ተፈራ፣ ወጥ ሠርተው ያውቃሉ?"

"በልቼ አውቃለሁ።"

ሐሊማ ወደ በሩ ገፋችኝ። "ሐራካ! ቶሎ በይ! ማታቱው ታክሲ ሊያመልጥሽ ነው!"

ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው የኢምባካሲ መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። እማዬ የበርበሬ ከረጢቷን አቅፋ ወጣች። ተቃቅፈን አልቅሰን ሳንጨርስ፣ "ቤቱን ለማን ትተሽው መጣሽ?" አለችኝ። የነጋዴ ልጅ ናት።

ስንደርስ ቤቱ ጢም ብሏል። ጋሽ ተፈራ ዓይናቸው በሽንኩርት ቀልቶ ሻይ ያድላሉ። ማረሩ ገና ከበሩ ይሸታል።

"ትእዛዙስ?" አልኩ።

"ሄዷል" አለች ሐሊማ። ወጡ ሲያርር ትልቁን ድስቷን ከቤቷ አምጥታ፣ በሶማሌ ቅመም የፍየል ሥጋ በሩዝ ሠርታ ልካለች። ዶሮ ወጥ ላዘዘ ሰው! መግቢያ አጣሁ። እማዬ ግን የመንገድ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ቢላ አንሥታ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራለች። እሷን ሳይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ቤቱ ሁሉ ተከትሎኝ ሳቀ።

በማግስቱ ከዌስትላንድስ ሰው ተላከ። ወቀሳ ስጠብቅ፣ "ያ ሩዝ መቼ መቼ ነው የሚኖረው?" አለኝ።

ሐሊማን እንሻረክ ብዬ ለመንኳት።

"እኔ አለቃ አልፈልግም፤ አንቺም አትፈልጊም" አለች። "ሐሙስ ሐሙስ መጥቼ ሩዙን እሠራልሻለሁ። ዕቃ ላመጣ ስሄድ ደግሞ አንቺ ሱቄን ትጠብቂልኛለሽ። ሳዋ? ተስማማን?"

"ሳዋ" አልኳት። ኢስትሊን እስክለቅ ድረስ ሐሙስ ቀን መቀመጫ አይገኝም ነበር።

ክፉውንም ለሩት አልደበቅኳትም። ያተኮሰኝ ቀን በሩ ተዘግቶ ይውላል፤ የተሳሳትኩ ቀን የማማክረው የለም። እንዲያም ሆኖ እንደዚያ ዘመን ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

"በስምሽ ክፈቺው" አልኳት። "ፈቃዱን ከማውጣትሽ በፊት ግን ግራና ቀኝሽ ካሉት ሱቆች ገብተሽ ተዋወቂ።"