የሮቢቱ የኒዮን ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን ውስጥ ከልጄ ጋር ስንሄድ፣ አንድ አዲስ ሕንፃ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ከላይ እስከ ታች መብራት ለብሷል፤ ቀይ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ቀይ ይሆናል። እኔ ግን ሐሳቤ ሸዋ ሮቢት ወርዷል።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እዚያ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የምኖረው እትዬ ዘነቡ ከሆቴላቸው ጀርባ ባከራዩኝ ክፍል ነው። የማንጎ ወቅት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ከጥላ አያስወጣም። የሆቴሉን ስም በኒዮን መብራት ሊሠራላቸው ሰይድ የሚባል የአሊዩ አምባ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። የመስታወት ቱቦ በእሳት እያጎበጠ ፊደል ያወጣል። ስሙን ሰቅሎ ሲያበቃ፣ ከሌላ ሥራ የተረፉትን ቀጥ ያሉ ቱቦዎች የግቢው ግድግዳ ላይ ለራሱ ደስታ ሊሰቅል ፈቃድ ጠየቀ።

"በምን ቅርጽ?" አልኩት።

"እሱን እኔ አልመርጥም፣ ዳይስ ይምረጥ። አንቺ ደግሞ፣ ቲቸር፣ ሕግ አውጪለት" አለና ባለ ስድስት ገጽ የመጫወቻ ጠጠሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

አወጣሁለት። እያንዳንዷ ነጥብ ሠላሳ ዲግሪ ናት፤ ሦስት ከወጣ ቱቦው ይቆማል፣ ስድስት ከወጣ ይተኛል። እኔ እወረውራለሁ፣ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ይሰቅላል። ማንጎ እየላጥኩ ሳቀብለው ጭማቂው በክንዱ ላይ ይወርዳል። አንዱ ቱቦ ሌላውን አስቀያሚ አድርጎ ሲያቋርጠው "እንደገና ልወርውር" ስለው፣ "ወላሂ አይሆንም! የወጣው ወጣ" አለ።

ፀሐይ ስትጠልቅ አበራው። ግቢው ቀይና ሰማያዊ ሆነ፤ ያ አስቀያሚ ያልኩት መገናኛ ከሁሉም አምሮ ወጣ።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ ዘነቡ።

"ምንም አይልም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ዓይኔን መንቀል ለምን አቃተኝ?"

በማግስቱ አውቶቡሱ ጋ ሸኘሁት። በነዚያ ቀናት ተዋደናል፤ ሃይማኖታችን ግን ለየቅል ነው፤ ሁለታችንም ቤተሰቦቻችን የሚሉትን እናውቃለን። ዳይሱን ከኪሱ አወጣ።

"ጎዶሎ ከወጣ አብረን እንሄዳለን። ሙሉ ከወጣ ትቀሪያለሽ።"

እጁን ያዝኩት። "ይሄን አትወርውር። አንተው ጠይቀኝ።"

አየኝ። ዳይሱን ወደ ኪሱ መለሰው። ሾፌሩ ጡሩንባውን ነፋ፤ ሰይድ ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ብዙ ምሽት ያንን ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። ቱቦዎቹ በየተራ ጠፉ፤ ቤቱ ሲሸጥ ግድግዳውም ፈረሰ። የምናፍቀው ሰይድን ብቻ አይደለም። ማንም ያላዘዘው ነገር እንደዚያ አምሮ ሊወጣ እንደሚችል ያመንኩበትን ዕድሜም ጭምር ነው።

"እማዬ፣ እንሂድ በረደኝ" አለችኝ ልጄ።

"ትንሽ ቆዪ" አልኳት። ቀጥሎ የሚመጣው ቀይ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም፣ አንዴ እንኳ ሌላ ቢመጣ ብዬ ጠበቅኩ።